ባዶ ማሰሮ ይዘን ወደ ጃናሞራ

ጎንደር ደርሶ ለተመለሰ ሰው ሁሉም የሚያቀርበው ጥያቄ «ግንቡን አየሽው?» የሚል ነው። አይቼዋለሁ፤ ግሩም ነው፤ እሱን ያወሩ ብዙ ናቸውና ለእነሱ ትቼዋለሁ። እኔ የማወራችሁ ስለ አንድ ዘፈንና ስለ አንድ ማሰሮ ጠላ ነው።

ሰብለ እባላለሁ። የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ እንጀራዬ ለሙዚቃዊ ቴአትር የዘፈን ግጥም መጻፍ ነው። በዚህ ሥራ ስቆይ አንድ ነገር ታዝቤአለሁ፦ መድረክ ላይ ማንም የሚበላ የለም፣ ግን ሁሉም ስለ ምግብ ይዘፍናል። ሌባው የጎረቤት ወጥ ሸትቶት ይዘፍናል። ፍቅረኞቹ አንዲት ብርቱካን ለሁለት ተካፍለው ይዘፍናሉ። ሀብታሙ የገበታውን ዓይነት ሲደረድር ድሃው ቆሎውን ያሞግሳል። እኔ ራሴ እነዚህን ሁሉ ጽፌአለሁ፤ የምግብ ዘፈን ሲመጣ ያንቀላፋው ተመልካች እንኳ ቀና ይላል። ፍቅር ያልያዘው ሰው ይኖር ይሆናል፣ ርቦት የማያውቅ ሰው ግን የለም።

«ድግሱ ሳይበተን» የተባለው ቴአትራችን የጎንደር ገጠር ሰርግ ነው። አትሳቁብኝ፤ ስጽፈው ጎንደርን በፎቶ እንጂ በዓይኔ አላውቃትም ነበር። በቴአትሩ መካከል የሙሽራይቱ ታላቅ እህት ለእንግዶች ጠላ እየቀዳች የምትዘፍነው አለ፤ እኛ «የማሰሮው ዘፈን» እንለዋለን፦

ማሰሮውም ሞልቷል፣ ሙሉ ነው ጓዳው፣
ቅጅለት ቅጅለት፣ አይጠማ እንግዳው።

አዲስ አበባ ላይ ሰው ይህን እያዜመ ነበር ከአዳራሽ የሚወጣው፤ እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ በር ላይ እቆም ነበር። እህቲቱን ሆና የምትጫወተው ዝናሽ የጃናሞራ ልጅ ናት፤ ያደገችው መካነ ብርሃን ነው። ቡድኑ ጎንደር ከተማና መካነ ብርሃን ሄዶ ሊያሳይ ነው ሲባል ሁሉም ሲጨፍር እሷ ብቻ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። እናቷ በልጅነቷ ሞታባት ያሳደጋት አባቷ ነው። ለሂሳብ ትምህርት ልኳት እሷ ቴአትር ገባች፤ «አዝማሪ አልወለድኩም» ብሎ ከዚያ ወዲህ አነጋግሯት አያውቅም። ስልክ ስትደውል ያነሳና ድምጿን ሲሰማ ይዘጋዋል። አሁን እሱ ባለበት ቀበሌ ልትዘፍን ነው።

ማክሰኞ

ቡድኑ ከመድረክ ዕቃው ጋር በመኪና ቀድሞ ስለሄደ እኔ በአውሮፕላን ተከተልኩ። አዘዞ አየር ማረፊያ ወርጄ ባጃጅ ያዝኩ። የሐዋሳ ባጃጅ ሽቅብ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሜዳ ላይ ነው የሚፈነጨው። የጎንደሩ ዳገቱን ሲወጣ ያቃስታል፣ ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ እኔ አቃስታለሁ።

የተያዘልኝ አልጋ ቤት ስደርስ ክፍሌ ለሰርግ እንግዶች ተሰጥቷል። ሻንጣዬን ደጃፍ ላይ አስቀምጬ ስነታረክ የቡድኑ አዘጋጅ ጋሽ ታምራት ለወዳጁ ስልክ ደወለ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንዲት ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ሻንጣዬን ብድግ አድርጋ ሄደች። ሲስተር አልጋነሽ ትባላለች፤ ነርስ ናት፤ ከሥራ ወጥታ ገና ቤቷ አልገባችም ነበር። «ምነው፣ አልጋ ሞልቶ አልጋ ቤት?» አለችኝ። ተግደርድሬ ሆቴል እፈልጋለሁ ብል «በሞቴ!» አለች፤ በራሱ ሞት ለሚለምን ሰው ምን ይባላል?

የራሷን አልጋ ለቀቀችልኝ። ቋንጣ ፍርፍር አቀረበች፣ ከዚያ ጠላ አመጣች። መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ፉት አለች፣ ከዚያ ለእኔ ቀዳች። ጌሾው ጠርቶ እንደሆነ የምታይ መሰለኝ። ጠላው ሸጋ ነበር፤ ይህንን ቃል ያን ምሽት ከእሷ ተምሬ እስካሁን አልለቀቀኝም። ሐዋሳ ለእንግዳ ቢራ እናዛለን፣ ቢበዛ ዓሣ እንጠብሳለን፤ የራስን አልጋ መልቀቅ ግን እንጃ።

ረቡዕ

ከሰዓት በኋላ ተጫወትን። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ከመምህር እስከ ሐኪም፣ ከተማሪ እስከ ጡረተኛ። የመጀመሪያው ክፍል በሳቅና በጭብጨባ አለፈ። እኔ ግን የምጠብቀው የማሰሮውን ዘፈን ነበር።

ዝናሽ ማሰሮዋን አቅፋ ወጣች፣ ድምጿ አዳራሹን ሞላው፣ ለሙሽራው አባት ዘንበል አድርጋ ቀዳችለት። ይኼኔ ፊት ወንበር ላይ ያሉ አንድ ሽማግሌ ጮክ ብለው «ኧረ ሳትቀምስ ሰጠችው!» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዝናሽ ዘፈነች፣ ከበሮው ተመታ፣ ሰው ግን ዘፈኑን ትቶ እርስ በርሱ ስለ ጠላ መጨቃጨቅ ጀመረ። የሙሽራው አባት የሆነው ተዋናይ ዋንጫውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ አንዱ ከኋላ «ተው አትጠጣ!» አለው። ጉድ ፈላ! እኔ መጋረጃ ጀርባ ቆሜ በእፍረት ውሃ ሆንኩ።

ነገሩን ያስረዳችኝ ሲስተር አልጋነሽ ናት፣ ያውም በሳቅ እንባ እየጠረገች። «የሚቀዳው ሰው አስቀድሞ ይቀምሳል። የቤቱ ሰው ቀመሰው ማለት ክፉ ነገር የለበትም ማለት ነው። ያንቺ ልጅ ለአማች ሳትቀምስ ስትሰጥ፣ እኛ ልትመርዘው ነው ብለን ጠበቅን እኮ!» የትናንቱ መዳፍ አሁን ገባኝ። እኛ ዘንድ የቢራው ቆርኪ በእንግዳው ፊት ይከፈታል፤ ነገሩ አንድ ነው፣ የእነሱ ግን ከእጅ ወደ አፍ ነው።

ዝናሽን አገኘሁና ቆጣ ብዬ «አንቺ የሀገሩ ልጅ አይደለሽም? ምነው ዝም አልሽ?» አልኳት።

«እትዬ ሰብለ፣ ማሰሮው እኮ ባዶ ነው» አለችኝ። «ከባዶ ማሰሮ ምን ልቅመስ? ብቀምስ ውሸት ይሆንብኛል።»

«ማሰሮውም ሞልቷል» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ባዶ መሆኑን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

ጋሽ ታምራት ግን ለቀልድ ጊዜ የለውም። «ከተማው ሳቀ፤ ገጠሩ ይቀየማል። መካነ ብርሃን ላይ ዘፈኑ ይወጣል» አለ። ዝናሽ ፊቷ አመድ መሰለ። ሌላ ዘፈን የላትም፤ ይህ ከወጣ ጠላ ቀድታ የምትገባ ዝምተኛ አሳላፊ መሆኗ ነው። «ጋሼ፣ አባቴ ከመጣ የሚሰማኝ በዚህ ብቻ ነው። ዘፈን ማለት ምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ይስማኝ፣ ከዚያ ከፈለገ ይርገመኝ» አለችው። ከበሮው ላይ ለመቅመሻ የምትሆን እረፍት እናስገባ ብዬ ለመንኩት። «ደባርቅ ላይ እንሞክረው፤ ካላማረ አበቃ» አለ።

ሐሙስ

ጎንደርን ለቀን በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርገን ወደ ደባርቅ ወጣን። አጨዳ አልቆ ክምሩ በየደጃፉ ቆሟል። ሐዋሳ አረንጓዴ ሳይ ለኖርኩ ሰው ያ ሁሉ ወርቃማ ሜዳ ዓይን ያጠግባል። ዳባት ላይ ምሳ የበላንባት ቤት ባለቤቷ ድንች ወጡን ሦስት ጊዜ ደገመችልን፤ «በቃን» ስንል «ምነው፣ አልጣማችሁም?» እያለች ታስፈራራለች።

ደባርቅ ብርዱ አጥንት ይገባል። እኔ ቤቴ በማራገቢያ የምተኛ ሴት ነኝ፤ የአልጋ ቤቱ ባለቤት ሁኔታዬን አይቶ ብርድ ልብስ በላይ በላዩ ደራረበልኝ፣ ክብደቱ መገላበጥ እስኪከለክለኝ ድረስ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ግቢው ውስጥ ልምምድ አደረግን። ከበሮው ፋታ ሰጠ፣ ዝናሽ ማሰሮው ውስጥ ትንሽ ውሃ አድርጋ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች፣ ቀመሰች፣ ቀዳች። ልብስ ሲያጥቡ የነበሩት የአልጋ ቤቱ ሴቶች ሥራቸውን ትተው ቆሙ። አንደኛዋ «አሁን ሸጋ!» አለች። ጋሽ ታምራት ወደ እኔ ዞሮ ትከሻውን ነቀነቀ፤ እሱ ዘንድ ይህ መሸነፍ ነው።

ዓርብ

የስሜንን ተራራ የምታቋርጥ መኪና መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ሰው ወይ ይጸልያል ወይ ዓይኑን ይጨፍናል፤ እኔ ሁለቱንም አደረግሁ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ፤ እኛን ዞር ብለው ያየን ጥቂቶቹ ናቸው። አየሩ ከመጥራቱ የተነሳ የሩቁ ተራራ እጅ ዘርግተው የሚነኩት ይመስላል። እውነቴን ነው፣ እንደዚህ ያለ አገር መኖሩን ሳላውቅ ስለሱ መጻፌ አሳፈረኝ።

የቧሂትን ተራራ ስንሻገር የመኪናው ጣሪያ ላይ የታሰረው ገመድ ላላ። ድው! የሚል ድምፅ ሰማን። መሶቡ እየተንከባለለ ገደል ገባ፣ ማሰሮው መንገዱ ላይ ተንኮታኩቶ ቀረ። ሹፌሩ ገመዱን ያሰረው ከበሮ መቺው ነው አለ፣ ከበሮ መቺው ሹፌሩ ነው አለ፣ እኔ ሁለቱንም ሰደብኩ። ዝናሽ ገሉን ለቃቅማ ዳር አደረገችው፤ «የሰው እግር ይቆርጣል» አለች።

መካነ ብርሃን ያረፍነው የአባቷ እህት እመት ትብለጥ ቤት ነው። እመት ትብለጥ ዝናሽን አንገቷ ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ፣ ወዲያው ደግሞ «ከስተሻል፣ ብይ!» ብለው ተቆጡ። ዓርብ ስለሆነ ሽሮና የገብስ ዳቦ ነበር፤ ዳቦው ትኩስ፣ ኮባው ከነሽታው። ዝናሽ ጎርሳ ሳትጨርስ «አባቴስ?» አለች።

«ሰምቷል» አሉ እመት ትብለጥ። «አልመጣም ብሏል። አያ ደሴ አንዴ ካለ አለ ነው፤ ታውቂው የለ?»

ዝናሽ አንገቷን ደፍታ ዳቦውን መቆራረስ ጀመረች፤ ቆራረሰች እንጂ አልበላችም።

ቅዳሜ

ትርኢቱ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው፤ እኛ ግን ማሰሮም መሶብም የለንም። እመት ትብለጥን ባዶ ማሰሮ አበድሩን ብዬ ብጠይቃቸው ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ባዶ? ለሰርግ?»

«የቴአትር ሰርግ ነው እመት።»

«የምንም ይሁን! በባዶ ማሰሮ ሰርግ ቅጂ ብለሽ ልጄን ልታሟርቺባት ነው? ስንት ሊያገቡ የደረሱ ልጆች እያዩ!»

ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቱ ሁሉ ይመጣ ጀመር፤ አንዷ መሶብ ከነእንጀራው፣ አንዷ ዳቦ፣ አንዷ የአተር ወጥ በድስት። ጋሽ ታምራት «ኧረ ይህ መድረክ ነው፣ አስመስለን ነው የምንሠራው» እያለ ቢለምን ማንም አልሰማውም። ድግስ ተብሎ ተጠርቶ ባዶ ገበታ ማየት ለእነሱ ነውር ነው፤ የመድረክም ቢሆን። እኔ አዲስ አበባ ላይ ከእንጨት የተሠራ ዳቦ ቀለም ሲቀቡልኝ አድንቄ አውቃለሁ!

ጠላው ግን አንድ ቤት ብቻ ነው ያለው። በነጋታው እሁድ ሰንበቴ ነው፤ የማኅበሩ አባላት ከቅዳሴ በኋላ የሚበሉትንና የሚጠጡትን በተራ ያዘጋጃሉ፤ የዚህ ሳምንት ተረኛ አያ ደሴ ናቸው። እመት ትብለጥ ራሳቸው ጠምቀውላቸዋል። ሄደው ጠየቋቸው። መልሱን ይዘው የመጡት ሙሉ ማሰሮ አቅፈው ነበር፦ «እንግዳ ጠምቶት ጠላ አልከለክልም፤ ውሰጂ። እኔ ግን አልመጣም።»

ዝናሽ ማሰሮውን ከአክስቷ ተቀበለች። እኔ ልያዝልሽ ብላት እምቢ አለች።

ግቢው ሞላ። ሰዉ ሣሩ ላይ፣ ድንጋይ ላይ፣ አጥሩ ላይ ተቀመጠ። እኔ ከእመት ትብለጥ ጎን ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ክፍል አለፈ፤ የማሰሮው ዘፈን መጣ። ዝናሽ ወጣች፣ የመጀመሪያውን ስንኝ አዜመች፣ ከበሮው ፋታ ሰጠ። መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች። ከዚያ ቆመች።

አትቀምስም። ጠላው በጣቶቿ መካከል ይንጠባጠባል። ከበሮ መቺው ፋታውን ደገመው፣ ሰለሰው። ጋሽ ታምራት ከጎን ሆኖ በእጁ «ቀጥይ» ይላታል። እኔ ቃሉን የረሳች መስሎኝ «ማሰሮውም ሞልቷል» እያልኩ በሹክሹክታ ልነግራት ስንጠራራ እመት ትብለጥ ክንዴን ያዙኝ።

«ቃሉ አይደለም የጠፋት» አሉኝ። «ጠላው የወንድሜ ነው። የሚቀምሰው የቤቱ ሰው ነው። የቤቱ ሰው ነኝ ብላ በሰው ፊት ልትቀምስ ነው፤ አይደለሽም ካላትስ?»

ሰዉም ገብቶታል መሰለኝ፣ ትንፍሽ የሚል ጠፋ። የጻፍኩት ቀልድ ያለበት የመጠጥ ዘፈን የዚህችን ልጅ ዕድሜ ሊቆርጥ ነው እንዴ አልኩ።

ይኼኔ ከግቢው በር በኩል ጉሮሮ የመጥረግ ድምፅ ተሰማ። ሰዉ ዞረ። አንድ ቀጠን ያሉ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ባሕር ዛፉን ተደግፈው ቆመዋል። ግማሽ አካላቸው ከግቢው ውጭ ነው። መቼ እንደመጡ ያየ የለም።

«ምነው ልጄ፣ ቅመሽ እንጂ» አሉ፤ ድምፃቸው ሻካራ ነው። «እንግዳውን በጥም ልትገድይው ነው?»

ዝናሽ መዳፏን አፏ ላይ ደፋችው። ጠላና እንባ አብራ ጠጣች። ከዚያ የዘፈነችውን ዘፈን እኔ አልጻፍኩትም፤ ቃሉ የእኔ ይሁን እንጂ ድምፁ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ለሙሽራው አባት ቀዳች፣ ለሚዜዎቹ ቀዳች፣ ከመድረኩ ወርዳ ፊት ለተቀመጡት ቀዳች፤ ሴቶቹ እልል እያሉ እንጀራውን ያከፋፍሉ ጀመር። ቴአትሩ ከዚያ ወዲያ የት እንደገባ አትጠይቁኝ፤ ሙሽራይቱ ራሷ የአተር ወጥ ስትጎርስ አይቻታለሁ። ጋሽ ታምራት መጀመሪያ ራሱን ያዘ፣ ቆይቶ ዋንጫ ያዘ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን አሳፈረኝ!

አያ ደሴ ከባሕር ዛፉ አልተነቃነቁም። ዘፈኑ እስኪያልቅ ቆሙ፤ ሲያልቅ ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ። ዝናሽን ቀርበው አላነጋገሯትም።

እሁድ

ዕቃችንን ጭነን ልንወጣ ስንል መልእክት መጣ፤ ሰንበቴው ላይ እንድንገኝ ተጠርተናል። እንግዳ የመጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛ ቀን ብር፣ ሦስተኛ ቀን መዳብ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ እኛ መዳብ ልንሆን ስንል ነው የተጠራነው። ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ካለው የሰንበቴ ቤት ገባን። ቄሱ ባረኩ፣ ዳቦው ተቆረሰ። አያ ደሴ ተረኛ ስለሆኑ እየተዘዋወሩ ያስተናግዳሉ። ለእያንዳንዳችን ቁራሽ ዳቦ በእጃቸው ሰጡን፤ ለዝናሽ የሰጧት ከሁላችንም ይበልጥ ነበር፣ እሷ ግን ቀና ብላ አላየቻቸውም፣ እሳቸውም ቶሎ አለፉ።

ሁሉም ሲጠግብ መጥተው ከፊቴ ተቀመጡ። ዝናሽ ከጎኔ ናት።

«ዘፈኑን የጻፍሽው አንቺ ነሽ አሉ» አሉኝ።

«አዎ አያ ደሴ።» ስድብ መስሎኝ ጠበቅሁ።

«ሸጋ ነው። ጨርሼ ሰማሁት። ሙሽራው አባት አለው፣ ሚዜው አለው፣ የሙሽራይቱ እናት አለች።» ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ያቺ ጠላ የምትቀዳዋ ልጅ ግን… ምነው፣ አባት የላትም እንዴ?»

እውነትም አልጻፍኩላትም። ሰበብ ስፈልግ ዝናሽ ቀና አለች፣ ከስንት ጊዜ በኋላ የአባቷን ዓይን አየች።

«አላት» አለች።

«እንግዲያው ጻፊው» አሉኝ አያ ደሴ፣ እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን ራስ እየዳበሱ።